በጣርማ በር ጉም ውስጥ

ባለፈው ክረምት ከልጄ ጋራ ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን ስንወጣ፥ ጣርማ በር ላይ ጉም ያዘን። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለውና፥ ጉም ሲወርድበት ከመኪናው ፊት ያለው መንገድ እንኳ አይታይም። ስለዚህ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ እንዳለፍን ከመንገዱ ዳር ቆመን ጠበቅን።

በመካከላችን ቅያሜ ነበረ። ልጄ የጥናቱን ጊዜ በኪቦርድ ይጨርሳል ብዬ መሣሪያውን በቁም ሣጥን ቈልፌበት ነበር። ይህስ ባልከፋ፤ ነገር ግን በእንግዶች ፊት «ይህ የማሽን ጩኸት እንጂ ዜማ አይደለም» ስላልሁት፥ ከዚያ ወዲህ ከሚያስፈልገው ቃል በቀር አያናግረኝም።

በዝምታ ስንቀመጥ ሳያስፈቅደኝ ሙዚቃ ከፈተ። ከልጅነቴ የማውቀው ሸሞንሟናዬ ነው፤ ዘፋኝ ግን የለበትም። ዜማውን አኮርዲዮን ይዞታል፥ ከበስተኋላው የከበሮ ማሽን ሳያቋርጥ ይመታል። የማን ሥራ እንደ ሆነ ብጠይቀው፥ «የኃይሉ መርጊያ ነው፤ የተወለደው እኮ እዚሁ ፊታችን ደብረ ብርሃን ነው፥ አባዬ» አለኝ።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ ዋልያስ ባንድን በስም አውቀው ነበር፤ የዚህን ሰው ታሪክ ግን ልጄ አስተማረኝ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1946 ተወልዶ፥ አኮርዲዮንን በራሱ ተማረ፤ በ1977 ከዋልያስ ጋራ ቸ በለው የተባለውን ሸክላ አወጣ። በ1981 ባንዱ ለትርኢት አሜሪካ ሲሄድ እኩሌቶቹ ተመለሱ፥ እርሱ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ በአኮርዲዮኑ ላይ ሮድስ ፒያኖ፥ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ 7 እየደራረበ ይህን ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ መድረክ ስለ ራቀው ብዙ ዘመን ታክሲ ነዳ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ይህ ነው፤ በአየር ማረፊያ ተራውን ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከታክሲው የዕቃ ማስቀመጫ አውጥቶ በኋላው ወንበር ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። የሚሰማው አልነበረም። በ2013 ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ያን አሮጌ ካሴት እንደ ገና አሳተመውና፥ ኃይሉ በሽምግልናው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ፤ በ2018ም ላላ በሉ የተባለውን አዲስ ሥራ አወጣ።

እውነቱን ለመናገር የከበሮው ማሽን አሁንም ይሰለቸኛል፥ እንደ ወፍጮ አንድ ዓይነት ነው። አኮርዲዮኑ ግን በላዩ እንደ ሰው ይተነፍሳል። «እንደ ገና ክፈተው» አልሁት። ጉሙ ሲገለጥም ቶሎ አልተነሣንም።

ማታ እቤት ስንገባ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ሰጠሁት፤ በእንግዶቹ ፊት ስላልሁትም ነገር ይቅርታ ጠየቅሁት። የልምምዱን ጊዜ ግን እስካሁን አልተስማማንበትም፤ እርሱ በቀን ሁለት ሰዓት ይላል፥ እኔ አንድ።