ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃው አይመጣም

ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። በደርግ ዘመን የገባው ሩዝም የተስማማው ከዚሁ ውሃ ጋር ነው። በጋ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጓያና ሽምብራው በዋልካው ቀሪ እርጥበት ይበቅላል፤ ሽንኩርትና ቲማቲም የተከለ ገበሬ ግን ውሃውን ከወንዙ ሆድ በሞተር ማውጣት አለበት። ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ቤንዚኑ ይነዳል፣ ከቱቦው ጫፍ የሚወጣው ግን ቀጭን ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ሞተሩን ይጠረጥራል፤ ወረታ ወስዶ ያስፈታዋል፣ ሲብስበትም ተበድሮ ተለቅ ያለ ይገዛል። ወገኖቼ፣ ሞተሩን ከማስፈታታችሁ በፊት ከፓምፑ በታች ያለውን እዩ።

ፓምፕ ውሃን እንደ ገመድ አይጎትትም። በውስጡ ያለውን ግፊት ዝቅ ያደርጋል፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚያወጣው ወንዙን ከላይ የሚጫነው አየር ነው። አየሩ በባህር ወለል ላይ ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ያነሳል። ፎገራ ከባህር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል አየሩ ይሳሳል፤ ልኩም ወደ 8.3 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ «8 ሜትር ይስባል» የተባለ ፓምፕ እኛ ዘንድ ከ6 ሜትር በላይ አይታመንም። መሳቢያው ቱቦ ረጅም ወይም ጠባብ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የሞተሩ ጉልበት ቢጨምርም ይህ አይለወጥም።

መፍትሔው ፓምፑን ወደ ውሃው ማስጠጋት ነው፤ ገደሉ ላይ ደልደል ያለ እርከን ቆፍሮ እዚያ ማስቀመጥ። አደራ የምለው ግን አንድ ነገር አለ፦ ሞተርን ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማስነሳት ሞት ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ ሽታ የለውም፤ ለማዳን የወረደውንም ይጨምራል።

ከዚያ በኋላ የሚፈተሸው አየር ነው። መሳቢያው ላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ ውሃ አታፈስም፣ አየር ታስገባለች፤ ስለዚህ በዓይን አትታይም። ሞተሩ እየሠራ በየመገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋው ወደ ውስጥ የሚሰምጥበት ቦታ ጥፋቱ እሱ ነው። ቱቦው ከውሃው እስከ ፓምፑ ያለማቋረጥ ሽቅብ ይውጣ፤ መሃል ላይ ጉብ ካለ አየር እዚያ ይጠራቀማል። ፓምፑ ውስጥ የሞላችሁት ውሃ ሞተሩ እንደቆመ ወደ ወንዙ ተመልሶ የሚሸሽ ከሆነ፣ በቱቦው ጫፍ ያለው ቫልቭ አሸዋ ነክሷል ወይም ላስቲኩ አልቋል። የቱቦውን ጫፍ ወንፊት ደለሉ ላይ አትጣሉት፤ በቅርጫት ውስጥ አድርጋችሁ ከእንጨት ላይ አንጠልጥሉት። ለውሃው ገጽ ከቀረበ ደግሞ ሽክርክሪት ይፈጥርና አየር ይስባል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ውሃው ካነሰ ችግሩ ከአንድ ሰው ቱቦ ውጭ ነው። ከላይ ያሉት ሞተሮች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ወንዙ ይወርዳል። ወንዙ ግማሽ ሜትር በወረደ ቁጥር ከታች ያለው ሁሉ በዚያው ልክ ከፍ አድርጎ መሳብ ይኖርበታል፤ 6 ሜትር ጫፍ ላይ የነበረው ፓምፕ ጭራሽ ባዶውን ይጮኻል። ባለቤቱም «ሞተሬ ተበላሸ» ይላል። ሽማግሌዎቻችን በቦይ መስኖ ዘመን የውሃ አባት መርጠው ተራ ያስጠብቁ ነበር። ሞተር ሲመጣ ግን እያንዳንዱ የራሱን ቱቦ ይዞ ወረደ፤ ተራውም ቀረ። 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንዲይዝ የተሠራው የርብ ግድብ እንኳ ከላይና ከታች ባሉ ሞተሮች መካከል ዳኛ አይሆንም። ሽንኩርቱ ከመተከሉ በፊት የወንዙ ዳር ሰዎች ተሰብስበው የውሃ አባት ይምረጡ፤ ከላይ ያሉት የሚያጠጡበትን ቀንና ከታች ያሉት የሚያጠጡበትን ቀን ይለዩ። ግንቦት ላይ ወንዙ ሲያንስ ደግሞ ድልድሉን እንደገና ይዩት።