በካርዱ ላይ ያልተጻፈው ሃይላንድ

እኛ የአንድ ዶርም ልጆች ስንከራከር የማንስማማበት ነገር ብዙ ነው፤ ባንድ ነገር ግን ሁላችንም እንስማማ ነበር፤ ይኸውም ፈጠራ የምህንድስና ተማሪዎች ሥራ ነው፣ የእኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ድርሻ ደግሞ ማጨብጨብ ነው የሚል ነበር። ይህን ሐሳባችንን ያስቀየረን መምህርም መጽሐፍም አይደለም። አንድ ባዶ ሃይላንድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያንዱ ጓደኛችን ትርፍ አንጀት ፈንድቶ ኦፕራሲዮን ተደረገ። ቤተሰቦቹ ሩቅ አገር ስለነበሩ ማስታመሙ በእኛ ላይ ወደቀ፤ በተራ አደርን። በሁለተኛው ቀን ሰውነቱ ማተኮስ ጀመረ። ስፌቱን ስለሚያመው ትንፋሹን እየሰሰተ ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ይተነፍሳል። «በረጅሙ ተንፍስ» ይሉታል፤ «እሺ» ይላል፤ አይተነፍስም። እንዲህ ከቀጠለ ሳንባው ከታች እየተዘጋ ሄዶ የሳንባ ምች ሊከተል እንደሚችል የነገሩን የክፍሉ ነርስ ናቸው። ከዚያ ወዲያ «አይዞህ» ከማለት በቀር የምናውቀው አልነበረም። ያን ሌሊት አንዳችንም አልተኛንም።

በማግስቱ ሲስተር ሐኪሙን አማክረው አንድ ባዶ ሃይላንድ ይዘው መጡ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ ግማሹ ሞሉበት፤ ካዲስ የጉሉኮስ ቱቦ ላይ አንድ ክንድ ያህል ቆርጠው አንዱን ጫፍ ውሃው ውስጥ ነከሩት፣ ሌላውን ለጓደኛችን ሰጡት። «በል ንፋ፤ በቃ እስክልህ ድረስ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይበል» አሉት። ነፋ። ውሃው ቡልቅ አለ። ሳቀና ስፌቱን ይዞ «ኧረ አታስቁኝ!» አለ፤ ደግሞ ነፋ። ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በረጅሙ ለመንፋት አስቀድሞ በረጅሙ መሳብ ግድ ነው፤ ውሃው ደግሞ ትንፋሹን ስለሚገታው አየሩ ሳንባ ውስጥ ቆየት ይላል፣ የተዘጋውንም ይከፍታል። ትእዛዝ ያቃተውን ጨዋታ ቻለው። እኛም ቡልቅታውን እየቆጠርን መወራረድ ጀመርን። ከጥቂት ቀን በኋላ ትኩሳቱ በረደ። መድኃኒትም ይወስድ ስለነበር ምስጋናውን ሁሉ ለሃይላንዱ አንሰጥም፤ ድርሻው ግን ድርሻው ነው።

«ሲስተር፣ ይህን ከየት አመጡት?» ብንላቸው «ምኑን? ውሃ ማስነፋት እኮ የቆየ ዘዴ ነው፤ ያለን ነገር ሃይላንድ ስለሆነ በሃይላንድ አረግነው» ብለው ወደ ሌላው አልጋ ሄዱ። ጓደኛችን ሲወጣ ሃይላንዱ ተጣለ። ካርዱ ላይ የመድኃኒቱ ዓይነት፣ ሰዓቱ፣ የትኩሳቱ ልክ ሁሉ ሰፍሯል። ሃይላንዱ የለም።

ነገሩ ቢከነክነን ቤተ መጻሕፍት ገባን፤ እዚያም ሌላ ሲስተር አገኘን። እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ውስጥ፣ በሮችፎርድ ጄኔራል ሆስፒታል ሲስተር ጂን ዋርድ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ክፍል ትመራ ነበር። ከታፈነ ክፍል ይልቅ ንጹሕ አየርና ፀሐይ ይሻላቸዋል ብላ ስለምታምን፣ ቀኑ ሞቅ ሲል ሕፃናቱን ወደ ግቢው ታወጣቸዋለች። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1956 አንድ ቀን ሐኪሞቹ ሲዞሩ አንዱን ሕፃን ገልጣ አሳየቻቸው። የሰውነቱ ቢጫነት ለቅቋል፤ አንዲት ባለሦስት ማዕዘን ቦታ ብቻ ቢጫ እንደሆነች ቀርታለች። የአንሶላ ጫፍ ከፀሐይ የከለላት ናት። ሐኪሞቹ ያን ጊዜ ብዙም ልብ አላሉትም። በኋላ ግን መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው በቆየ የደም ናሙና ውስጥ ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ቀንሶ ሲገኝ፣ የሲስተሯ ሦስት ማዕዘን ትዝ አላቸው። መብራት አበጅተው ሞከሩት፤ በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡት። ዛሬ ቢጫ የሆነ ጨቅላ በየአገሩ ሰማያዊ መብራት ሥር የሚተኛው ከዚያ ተነሥቶ ነው። በጽሑፉ አናት ላይ የሦስት ጸሐፊዎች ስም አለ። ከሦስቱ አንዱ የዋርድ አይደለም።

«ችግር በቅቤ ያስበላል» ይላል ያገራችን ሰው። ይሁን። ግን ችግር ብቻውን ፈጣሪ ቢሆን ኖሮ አገራችን የፈጣሪዎች ሁሉ አለቃ በሆነች ነበር! ያን ሌሊት ችግሩን እኛም አይተነዋል፤ ያየነው ግን ፈርተን ነው። ሲስተር ያዩት ቀርበው ነው። ሐኪም ዞሮ ይሄዳል፤ ነርስ አብራ ታድራለች። አንሶላውን የምትገልጠው እሷ ስለሆነች ሦስት ማዕዘኑንም አስቀድማ የምታየው እሷ ናት።

አንዳንዱ «በሃይላንድ ከተሠራማ መሣሪያ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። ለዚህ ሲስተር ራሳቸው መልሰውልናል፤ «ደህናው መሣሪያ ይምጣና ሃይላንዱን ዛሬውኑ እጥለዋለሁ። ውሃውን ቶሎ ቶሎ ካልቀየርኩት እኮ ራሱ በሽታ ነው።» ብልሃታቸውን ማመስገን እጥረቱን ማወደስ አይደለም።

ታዲያ የእኛ ድርሻ ማጨብጨብ ብቻ ነውን? አይመስለንም። የዋርድ ሦስት ማዕዘን ለዓለም የተረፈው ያስታወሰው፣ የፈተነውና የጻፈው ስለተገኘ ነው። ያልተጻፈ ብልሃት ነርሷ ስትዛወር አብሯት ይዛወራል፣ ጡረታ ስትወጣም አብሯት ጡረታ ይወጣል፤ በሌላ ሆስፒታል ያለችው ነርስም እንደገና ከሀ ትጀምራለች። መጻፍ ደግሞ ሙያችን ነው እያልን እንኩራራለን። እንግዲያው ስለ ጨረቃ ከምንጽፈው ላይ ጥቂት ቀንሰን ወደ በሽተኛ ክፍሎቹ እንግባ፤ እንጠይቅ። መፈተኑን የሚያውቅበት ይፈትነው፤ እኛ ማን፣ መቼ፣ ከምን እንደሠራው እንጻፍ።

ስማቸውን ልንጽፍ ሲስተርን ብናስፈቅዳቸው «ተዉት ልጆች» አሉን። ቃላቸውን አክብረን ስማቸውን ትተናል። ሃይላንዱን ግን እነሆ ጽፈነዋል።