ሰኞ እንገናኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ኢንቦክስ ገብቶ "ቲቸር፣ ፕሮፋይልህ ላይ አጠገብህ የቆመው ሞተር ምንድነው? በስተርጅና ሞተር መንዳት ጀመርክ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ሞተሩ የኔ አይደለም። ፎቶው የተነሳው እዚህ ማንችስተር፣ ጎርተን የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ ስታዲየም ነው። ስፖርቱ ስፒድዌይ ይባላል። በሁለት መስመር ልመልስለት ብዬ ጀመርኩና ረዘመብኝ። እየረዘመ ሲሄድ ደግሞ ያላሰብኩትን ቁስል ነካብኝ። ስለዚህ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ የመጨረሻዎቹ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እንደምታውቁት እዚህ አገር አውቶቡስ ነው የምነዳው። ጋራዡ ውስጥ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው አንድ እንግሊዛዊ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። አንድ ሰኞ "ዛሬ ማታ ምን አለህ?" አለኝ። ምንም አልነበረኝም። እዚህ አገር የብቸኛ ሰው ሰኞ ማታ ምን ይኖረዋል? ይዞኝ ሄደ።

ምን ልበላችሁ። አራት ሞተረኞች ይሰለፋሉ። የሚሮጡት 350 ሜትር ገደማ በሆነች ሞላላ ሜዳ ላይ ነው፤ ሜዳው ቀላ ያለ የተፈጨ ድንጋይና አፈር የተነጠፈበት ነው። ከፊታቸው የተዘረጋው ገመድ ሽቅብ ሲነሳ ይወነጨፋሉ። አራት ዙር ነው፣ ሁሌም ወደ ግራ እየታጠፉ፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ያልቃል። ሞተሩ 500 ሲሲ ነው፣ አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያለው፣ የሚሄደው በሜታኖል ነው። አሁን በደንብ ስሙኝ፤ ፍሬን የለውም። የለውም እኮ! ኩርባ ላይ ሲደርሱ የኋላ ጎማውን ወደ ጎን እያንሸራተቱ፣ ግራ እግራቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ ነው የሚታጠፉት። እኔ ቀኑን ሙሉ ፍሬን ስረግጥ የምውል ሰው ነኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አፌን በመክፈቴም አፈር ቃምኩ፤ አንደኛው ኩርባ ላይ የቆመ ሰው ዕጣው ይኸው ነው።

የያዘኝ ግን ሞተሩ አይደለም፣ ወረቀቱ ነው። በር ላይ ፕሮግራም ይሸጣል፤ ውስጡ የ15ቱም ውድድሮች ሰንጠረዥ አለ። አንደኛ የወጣ 3፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1፣ አራተኛ ዜሮ። ባለሜዳዎቹ ቀይና ሰማያዊ፣ እንግዶቹ ነጭና ቢጫ ኮፍያ ያደርጋሉ። ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳይቀር እስክሪብቶ ይዞ በየውድድሩ ነጥብ ይሞላል፣ ይደምራል። አንድ ስታዲየም ሙሉ ሰው በፈቃዱ ሒሳብ ሲሠራ አይቼ የማላውቅ የሒሳብ አስተማሪ ነኝና፣ እንባዬ መጣ ብላችሁ አትሳቁብኝ።

ክረምት ሲመጣ ግን ሌላ ዓለም ነው። ውድድሩ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ገደማ ነው የሚካሄደው። በቀረው ጊዜ ደጋፊው ሞተር ስለሌለው ይጨቃጨቃል። ማን ይፈረም? ማን ይባረር? ማን ስንት ይከፈለው? የሰኞው ጨዋታ ለምን ወደ ሐሙስ ሄደ? የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊ ቢያያቸው "እነዚህስ ከኛ ባሱ" ይላል።

የጭቅጭቁ እምብርት አማካይ የሚሉት ነገር ነው። እያንዳንዱ ሞተረኛ ያገኘው ነጥብ ለሮጠበት ውድድር ብዛት ይካፈልና በ4 ይባዛል። በ20 ውድድር 30 ነጥብ ካመጣ፣ አንድ ነጥብ ተኩል በ4፣ አማካዩ 6.00 ነው። አንድ ቡድን ሰባት ሞተረኛ አለው። ዓመቱ ሲጀመር የሞተረኞቹ አማካይ ተደምሮ ሊጉ ከወሰነው ጣሪያ ማለፍ የለበትም። አሁን ችግሩ ይታያችኋል? ለምሳሌ ጣሪያው 40 ነው እንበል። በ40 ጀምራችሁ፣ ልጆቹ ጎብዘው፣ ዓመቱን በ44 ብትጨርሱ ቡድኑን እንዳለ ይዛችሁ መቀጠል አትችሉም። አንዱ መሄድ አለበት። ለምን? ስላሻሻሉ!

እኔ መጀመሪያ ይሄን ስሰማ ደሜ ፈላ። አንድ ክፍል ተማሪዎች ውጤታቸው ስላደገ "በሉ ተበተኑ" እንደማለት ነው። ባልደረባዬ ግን ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ጣሪያው ባይኖር ገንዘብ ያለው ክለብ ጎበዞቹን ሁሉ ይሰበስባል፣ ሌላው በየሳምንቱ ይሸነፋል፣ ደጋፊው ይቀራል፣ ክለቡ ይዘጋል። መዘጋት ደግሞ እዚህ ተረት አይደለም። በብሪታንያ ይህ ስፖርት በሰፊው ይታወቅ የጀመረው በፈረንጆቹ 1928 ለንደን አጠገብ ኤፒንግ ጫካ ውስጥ በተደረገ ውድድር ነው። በኔ ዕድሜ ደግሞ ክለቦቹ ቤት ሲያጡ እያየሁ ነው። የኮቨንትሪ ደጋፊ ብራንደን ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ውድድር ያየው በ2016 ነው፣ የስዊንዶን በ2019፣ የዎልቨርሃምፕተንና የፒተርቦሮ በ2023። ብዙዎቹ ስታዲየሙ የራሳቸው አይደለም፣ ተከራይ ናቸው። ባለ መሬቱ ሌላ ሲያስብ ክለቡ ዕቃውን ጠቅልሎ ይወጣል። "ፍትሐዊ አይደለም፣ ግን የሚፎካከረን ክለብ ከሌለ እኛም የለንም" ነበር ያለኝ። እስካሁን ልቤ ሁለት ቦታ ነው።

ሁለተኛው ጭቅጭቅ ደሞዝ ነው። ሞተረኛው የወር ደሞዝተኛ አይደለም። በነጥብ ነው የሚከፈለው። ሞተሩን የሚገዛው ራሱ ነው፣ ጎማውን፣ የሞተር እድሳቱን፣ የመካኒኩን፣ የመኪናውን ነዳጅ የሚከፍለው ራሱ ነው። ሮጦ ዜሮ ቢያመጣ ወጪው ያው ነው፣ ገቢው ግን ሟሟ። አጥንቱ ከተሰበረ ደግሞ ነጥብ የለም። ለዚህ ነው ስታዲየሙ ውስጥ ለተጎዱ ሞተረኞች መረዳጃ ባልዲ የሚዞረው፤ እንደኛ ዕድር በሉት። የማንችስተሩ ቤል ቩ ክለብ ሰዎች ፒተር ክሬቨንን ዛሬም በክብር ያነሳሉ። በ1955 እና በ1962 የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው፤ በ1963 ኤድንበርግ ላይ በውድድር ወድቆ ሞተ። ባልዲው ሲመጣ እሱን የሚያስታውስ ሽማግሌ ዝም ብሎ ሳንቲሙን ይከታል።

ከዚያ ፖላንድ አለች። የዓለም ትልቁ የስፒድዌይ ገንዘብ ያለው እዚያ ነው። ከ10 ሺህ በላይ ሰው የሚይዙ ስታዲየሞች አሏቸው። ስለዚህ የአንድ ጎበዝ ሞተረኛ ሳምንት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ዓርብ ወይም እሑድ ፖላንድ፣ ሰኞ እንግሊዝ፣ ማክሰኞ ስዊድን፣ ሐሙስ እንደገና እንግሊዝ። ዝናብ አንዱን ጨዋታ ካበላሸ ፕሮግራሙ በሙሉ ይዘበራረቃል፤ የተላለፈው ጨዋታ ከሌላ አገር ጨዋታ ጋር ይጋጫል። ያኔ ሞተረኛው ይቀርና ከሌላ ክለብ በአማካይ የሚመጥነው እንግዳ ሞተረኛ ይተካል። ደጋፊው "የኛን ልብስ የለበሰው የማን ልጅ ነው?" እያለ ያጉረመርማል። እውነቱን ነው። ግን ያ ልጅ በአንድ ሳምንት ሁለትና ሦስት አገር ሲዞር መቼ ነው የሚተኛው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔም ከማይጠይቁት አንዱ ነበርኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አንድ የምንወደው ወጣት ሞተረኛ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ የሱ ጥፋት ምንም የለበትምና። ከታች ጀምሮ ሲያድግ አይተነዋል፤ አማካዩን በየሳምንቱ በእስክሪብቶ ያሰላሁለት ልጅ ነው። ያንን ክረምት "በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝ አልሮጥም፣ ፖላንድና ስዊድን ይበቃኛል" አለ። እኔ ተናደድኩ። ሻይ ቤት ውስጥ ከደጋፊዎቹ ጋር ተቀምጠን ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። "ያሳደገውን ሕዝብ በገንዘብ ሸጠ! ታማኝነት የሚባል ነገር የለም!" አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀልኝ።

ባልደረባዬ ግን አልነቀነቀም። ሻይውን አስቀምጦ፣ ያለ ምንም ክፋት፣ "አንተ አገርህ አስተማሪ ነበርክ አይደል? ተማሪዎችህን ለምን ተውካቸው?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሻይዬም እዚያው በረደ።

ልጆች፣ ታስታውሳላችሁ። ሰኔ ላይ፣ የ11ኛ ክፍል የመጨረሻው ቀን፣ "አትፍሩ፣ 12ኛ ክፍልም እኔው ነኝ የማስተምራችሁ፣ ፈተናውን አብረን ነው የምንገባው" ብያችሁ ነበር። መስከረም ላይ ሁለት ሳምንት አስተማርኳችሁ። ዓርብ ዕለት የቤት ሥራ ደብተራችሁን ሰበሰብኩና "ሰኞ እንገናኝ፣ አርሜ እመልሳለሁ" አልኳችሁ። ቪዛው ከመጣ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ትኬቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ለርዕሰ መምህሩ ተናግሬያለሁ፣ ለእናንተ ግን አፌ እምቢ አለኝ። ደብተሮቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ሄድኩ። አንዱንም አላረምኩም።

ለሰው የምለው "ለሁለተኛ ዲግሪ ሄድኩ፣ ለአንድ ዓመት ነበር" ነው። እውነት ነው፣ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በአስተማሪ ደሞዝ የእናቴን መድኃኒትና የታናሽ ወንድሜን ትምህርት ቤት ክፍያ አንድ ላይ ማድረስ አቅቶኝ ነበር። ስሄድ እንደማልመለስ በግማሽ ልቤ አውቄዋለሁ። በመሄዴ ዛሬም አልጸጸትም፤ እናቴ ስምንት ዓመት ጨምራ ኖረችልኝ። ሞተረኛውም ቢሆን አጥንቱን ለሚከፍለው ቦታ መስጠቱ መብቱ ነው፤ ይህንን ለማንም መፍረድ አልችልም፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም በታች።

ግን አንድ ልዩነት አለን። ያ ልጅ ውሳኔውን ሲያስታውቅ ተደብቆ አልነበረም። የደጋፊዎች ምሽት ላይ መጥቶ፣ ፊት ለፊት ቆሞ፣ የሚጮህበትን ሰው ሁሉ ሰምቶ፣ እጅ እየጨበጠ ነው የሄደው። ሃያ አራት ዓመት እንኳን አልሞላውም። እኔ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ሆኜ ከአርባ ልጆች ዓይን ሸሸሁ። ፍሬን የሌለው ሞተር ላይ የሚወጣ ልጅ ያደረገውን እኔ በሁለት እግሬ ቆሜ ማድረግ አቃተኝ።

ከእናንተ አንዷ ከዓመታት በፊት "ቲቸር፣ ያን ሰኞ እስከ ሦስተኛ ፔሬድ ጠበቅንህ" ብላ ጽፋልኝ ነበር። ላይክ አድርጌ አለፍኩት። ላይክ! አሁን በሁሉም ፊት እመልስልሻለሁ፦ ይቅርታ። መሄዴ ሳይሆን ሳልነግራችሁ መሄዴ ጥፋት ነው። ስለፈተናው ውጤታችሁ በሰው በሰው ሰምቻለሁ፤ ያለፋችሁት በራሳችሁና ከኔ በኋላ በመጣው አስተማሪ ነው፣ ክብሩ የእናንተና የሱ ነው። ያልቀናችሁም አላችሁ፤ እኔ ብኖር ይለወጥ ነበር ወይ ብዬ ስንት ሌሊት አስቤአለሁ፤ አሁንም አስባለሁ።

ባልደረባዬ አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ሰኞ ማታ በኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግን አሁንም ያው ኩርባ ላይ፣ ያው አፈር ውስጥ እንቆማለን። የክረምቱ ጭቅጭቅ ሲመጣም አለሁበት። ስለጣሪያው እጮሃለሁ፣ ስለፕሮግራሙ እጮሃለሁ። "ለገንዘብ ሄደ" የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ሻይዬን እጠጣለሁ።

በሉ፣ ዕዳዬን በትንሹም ቢሆን ልክፈል። የቤት ሥራ፦ ያ ልጅ በመጨረሻው ዓመት በ24 ውድድር 51 ነጥብ አመጣ እንበል። አማካዩ ስንት ነው? የዓመቱ መጀመሪያ አማካዩ 6.00 ከነበረ፣ ለቡድኑ ስንት ጨመረበት? አሠራሩን ጭምር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ መልስ ብቻ አልቀበልም፤ ታውቁኛላችሁ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ የለኝም። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አርማለሁ።