አሥራ አራት ነጥብ ሰባት

በበረራ መዝገቤ ላይ የማይገቡኝን 14.7 ሰዓታት ጽፌ ነበር። በእነዚያ ሰዓታት አየር ላይ ነበርኩ፤ እዚህ ላይ አልዋሸሁም። የተቀመጥኩት ግን እንደ ተሳፋሪ ነበር፤ የጻፍኩት እንደ ፓይለት።

ሥራውን ለማያውቅ ላስረዳ። አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ለግል መብረሪያ ፈቃድ 40 ሰዓት፣ እየተከፈለህ ለመብረር 250፣ ለአየር መንገድ ደግሞ 1,500 ሰዓት ይጠየቃል። ሰዓቱን የሚቆጥረው ሆብስ የሚባል መለኪያ ነው፤ በየ6 ደቂቃው አንድ ነጥብ ይጨምራል። ኪራዩም በእሱ ይሰላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ቀን ታክሲ እየነዳሁ፣ ማታ ፓርኪንግ እየሠራሁ የምከፍለው ለእነዚያ ነጥቦች ነበር።

ወጪን በግማሽ የሚቀንስ አንድ ሕጋዊ መንገድ አለ። ሁለት ፓይለቶች አብረው ሲበሩ አንዱ ውጭውን እንዳያይ ግንባሩ ላይ ሁድ የሚባል መከለያ አድርጎ በመሣሪያ ብቻ ያበራል፤ ሌላው ሰማዩን ይጠብቅለታል። ሁዱ እስከተደረገ ድረስ ሰዓቱ ለሁለቱም ይጻፋል። ሲወልቅ ለአንዱ ብቻ ነው።

ከአንድ ባልንጀራዬ ጋር በሴስና 172 እንደዚያ ጀመርን። ሁዱ ይሞቃል፤ ያጥወለውላል። ከታች ደግሞ የሼናንዶዋ ሸለቆ በጥቅምት ቅጠሉ ቀልቶ ይታያል። በመጀመሪያ ለአሥር ደቂቃ አወለቅነው፤ ቀጥሎ ለግማሽ ሰዓት። በመጨረሻ የኋላ ወንበር ላይ እንደተጣለ ሄዶ ይመለስ ጀመር። ስናርፍ ሁለታችንም እስክሪብቶ አውጥተን ሙሉውን እንጽፋለን። ስለ ነገሩ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ስለ እሱ ይህ ይበቃል፤ የሌላውን ኃጢአት መዘርዘር ንስሐ አይሆንም።

ለምን አደረግሁት? ለብዙ ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት መልስ ገንዘብ የሚል ነበር። ግን አያስኬድም። ሁዱን ማድረግ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም ነበር።

እሑድ እሑድ አባቴ ከደሴ ይደውላል። «ስንት ደረስክ?» ይለኛል። ትምህርቱን የጀመርኩት የዕቁብ ማኅበርተኞቼ ዕጣቸውን ለቀውልኝ ነው፤ ገና ፈቃድ ሳልይዝ «ካፒቴን» ይሉኝ ነበር። እነሱም የሚጠይቁኝ ቁጥር ነው። ያለፈው እሑድ የነገርኩትን ቁጥር መድገም እንደ ውርደት ይሰማኝ ነበር።

አሁንም በእነሱ እያሳበብኩ ነው፤ ልመልሰው። ቁጥር ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ቁጥሩን ስናገር ደስ ይለኛል። ሁድ አድርጌ መርፌዎቹን ስከተል ግን አለመቻሌ በየደቂቃው ይታየኛል፤ ከፍታው ይሸሸኛል፣ አቅጣጫው ያመልጠኛል። ሁዱን ያወለቅሁት አለመቻሌን ላለማየት ነው።

ማመካኛም አላጣሁም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ቡፋሎ፣ ኒው ዮርክ አጠገብ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። የሟቾች ቤተሰቦች ዋሽንግተን እየተመላለሱ ታገሉ፤ በ2010 ሕግ ወጣ። የ1,500 ሰዓቱ ግዴታ የመጣው ከዚያ ነው። ሆኖም የዚያ አውሮፕላን ሁለቱም ፓይለቶች ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው። ከታሪኩ ሁሉ እኔ የያዝኩት ይህችን ብቻ ነው። «ቁጥር ካላዳነ፣ ትንሽ ቢጨመርበት ምን ይጎዳል?» እል ነበር። ሌላውን አላስተዋልኩም፤ አውሮፕላኑ ፍጥነት እያጣ ሲያስጠነቅቅ ካፒቴኑ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ሲገባው ወደ ላይ ሳበው። ሰዓት የሚጠየቀው በዚያች ሰከንድ እጅ ትክክለኛውን እንዲያደርግ ነው።

የእኔ ሰከንድ ከአሠልጣኜ ጋር እውነተኛ ደመና ውስጥ ስንገባ መጣች። በዝግታ የተጀመረ መዞር ከቆየ በውስጠኛው ጆሮ ያለው ፈሳሽ ይረጋጋል፤ ያን ጊዜ ሰውነት ቀጥ ብሎ እየሄደ ይመስለዋል። መሣሪያው ወደ ቀኝ ማጋደላችንን እያሳየኝ ሰውነቴን አመንኩ። ከፍታው ወረደ፣ የንፋሱ ድምፅ ጨመረ። አሠልጣኜ መሪውን ተቀበለኝ።

መሬት ላይ መዝገቤን ከፍቶ የሁዱን ሰዓታት በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «እነዚህን የበረረው ማን ነው?» አለኝ። እውነቱን የምናገርበት ቀን ያ ነበር። «ደክሞኝ ነው» አልኩት።

እውነቱን ለአሠልጣኜ ለመንገር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሐሰተኛ መዝገብ ፈቃድ ሊያስነጥቅ ይችላል፤ ስነግረው ይህን እያወቅሁ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ማስመሪያ አስቀመጠልኝና ወጣ። ከጠቅላላ ሰዓቴ 14.7 ሰረዝኩ፤ በራሴ ተራ ሁድ ሳላደርግ በሁድ ብዬ የጻፍኩትንም ሰረዝኩ። 214.3 የነበረው 199.6 ሆነ።

ለአባቴ ግን 200 መሙላቴን ነግሬው ነበር። ጎረቤት ጠርቶ ቡና አስፈልቶ ነበር። እሑድ ሲደውል ሁሉንም ነገርኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «ስንት ቀረህ ታዲያ?» አለኝ።

«ሃያ አራት ደቂቃ፣ አባዬ።»

«በል፣ ሂድና ብረራት።»

ዕቁብ ላይም ተናገርኩ። አብዛኞቹ ወሬ ቀየሩ። አንዲት አዛውንቶችን የምትንከባከብ እኅታችን ግን ሸኝታኝ ስትወጣ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሳትነሣ «አይቻቸዋለሁ» ብላ የፈረመችባቸው ሌሊቶች እንዳሉ ነገረችኝ። ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር። አንተም፣ አንቺም፣ ምናልባት እንዲህ ያለ ፊርማ ይኖራችኋል። አጠገቡ ያለው ሥራ የማን እንደሆነ አንድ ቀን ሳትሸሹ ጠይቁ። እኔ ደመና እስኪጠይቀኝ ጠበቅሁ፤ የዳንኩት አጠገቤ ሌላ ሰው ስለነበረ ነው።

የበረራ መዝገብ ስሕተት አይፋቅም። ከሥሩ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ አጠገቡም ይፈረማል። ለሥራ ባመለከትኩበት ሁሉ መርማሪው የሰረዝኳቸውን መስመሮች ያያቸዋል። ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ።