ክፉን በመልካም ስለ መመለስ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የበደለህን ሰው በመልካም መመለስ ፍርሃትም ዝምታም እንዳይመስልህ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ. ም. ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ሲገቡ፥ ሕዝቡ ጣሊያን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. የጀመረውን ፍጅት አልረሳም ነበር። ንጉሡ ግን ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙት። ትእዛዙ የተሰጠው በድል ቀን ነውና ፍርሃት ሊባል አይችልም።

እኔንም በመምህርነት ሳለሁ አንድ ባልደረባዬ በሐሰት ከሰሰኝ። እውነቱ ተገልጦ ነጻ ከወጣሁ በኋላ እርሱ ታመመ፤ ሁለት ወር ሙሉ በክፍሌ ላይ ክፍሉን ደርቤ አስተማርሁለት። በዳነ ጊዜ ግን ብቻችንን ሆነን፥ የተናገረው ሐሰት እንደ ነበረ በግልጥ ነገርሁት። ጌታችን ጠላታችንን እንድንወድ አዘዘን እንጂ፥ በደሉን እንድንወድ አላዘዘንም።