ሴሚኮለንና ድርብ ሰረዝ
ተማሪዋ በእንግሊዝኛ ያዘጋጀችው የመመረቂያ ጽሑፍ ከአማካሪዋ ሲመለስ፣ «ዝናቡ ቢዘገይም» ለማለት ከጻፈችው ጥገኛ ሐረግ በኋላ ያኖረችው ሴሚኮለን በቀይ ተሰርዟል። በአማርኛ ብዙዎች እንዲህ ባለው ስፍራ ድርብ ሰረዝ ያኖራሉ፤ ዩኒኮድም «፤»ን «ኢትዮፒክ ሴሚኮለን» ብሎ መሰየሙ ሁለቱን መንትያ አስመስሏል። የእንግሊዝኛው ግን፣ በውስጣቸው ኮማ ያለባቸውን ዝርዝሮች ከመለየት በቀር፣ ግራና ቀኙ ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር እንዲሆን ይሻል። ይህን ማረም ቀላል ነበር።

የከበዳት አማካሪዋ ሳይነካው ያለፈው «ዝናቡ ዘገየ፤ ምርቱ ቀነሰ» የሚለው ነው። ሰዋስዉ አልተጓደለም። ይሁን እንጂ ምልክቱ ሁለቱን አጎራብቶ፣ መረጃዋ ያላረጋገጠውን መንሥኤ ለአንባቢ ሹክ ይላል። ሴሚኮለኑን አንሥታ በነጥብ ለየቻቸው፤ የዝናቡንም ነገር ወደ ውይይቱ ምዕራፍ አዛወረችው።