የክትክታው ተረተር

ከሐይቅ ከተማ ወደ አምባሰል ሲኬድ፣ ከሐይቁ በላይ አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ ባገጠጠበት ተረተር ላይ፣ ክረምት ከበጋ ቅጠሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ይታያል። ክትክታ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ወገኑን ዶዶኒያ ይሉታል፤ ስሙም እ.ኤ.አ. ከ1517 እስከ 1585 ለኖረው ለፍላንደርሱ ሐኪም ለዶዶንስ መታሰቢያ ነው። እናቴ ይህን ብትሰማ የምትስቅ ይመስለኛል፤ ለእርሷ ክትክታ የምድጃ ማቀጣጠያ፣ የግድግዳ ማገርና የመጥረቢያ እጀታ ነው።

ለመመረቂያ ጥናቴ ባዘጋጀሁት የመጀመሪያ ንድፍ ያንን ተረተር «የተራቆተ መሬት» ብዬ መደብሁት። ክትክታው ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ቢተከል እንደሚሻል ጻፍሁ፤ ሐሳቡንም ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አቀረብሁ። ምደባው ፈጽሞ ስሕተት አልነበረም፤ ክትክታ ደን ከተመነጠረ በኋላ በተጎዳ መሬት ላይ ቀድሞ የሚሰፍር ተክል ነውና። ስሕተቴ ምልክቱን እንደ መንሥኤው መቁጠሬ ነበር።

እናቴ ሐሳቡን ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄ፣ ባሕር ዛፉ እስኪያድግ አፈሩን ማን ይይዘዋል?» መልስ አልነበረኝም። ከተረተሩ የሚወርደው ጎርፍ መድረሻው ሐይቁ ነው። ሐይቁ ደግሞ ወደ ሌላ የሚፈስበት ወንዝ ስለሌለው፣ የገባው ደለል እዚያው ይቀራል።

በኅዳር ተመልሼ ወጣሁ። ተረተሩ ቀላ ብሎ ነበር። ከሩቅ አበባ የሚመስለን ይህ ቀለም የፍሬው ነው፤ ፍሬው እንደ ወረቀት የሳሳ ክንፍ አለው፣ ነፋስም ያዞረዋል። እውነተኛው አበባ ደቃቅና አረንጓዴ ቢጤ ነው። የሚያዳቅለው ነፋስ ስለሆነ ንብ የሚጠራበት ጌጥ አላስፈለገውም። ቅጠሉን በጣቴ ብነካው ሙጫው ተጣበቀብኝ፤ ያ ሙጫ በደረቁ ወራት ውኃው ተንኖ እንዳያልቅ ይረዳዋል፤ ፍየልም እምብዛም አይደፍረውም።

ጎንበስ ብዬ ቅርንጫፉን ገለጥሁ። በአንዱ ክትክታ ሥር፣ በረገፈ ቅጠልና በተጠራቀመ አፈር ላይ፣ ሦስት የወይራ ችግኞች በቅለዋል፤ ቁመታቸው ከስንዝር አይበልጥም። ከጎኑ ባለው ገላጣ ድንጋይ ላይ አንድም አላገኘሁም። የአንድ ቁጥቋጦ ሥር ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ስለዚህ የጥናቴን ጥያቄ ለውጬ፣ በክትክታ ጥላ ሥርና በገላጣው ላይ የበቀሉትን ችግኞች እያነጻጸርሁ መቁጠር ጀምሬአለሁ።

የፊተኛው ሐሳቤ እንዲነሣ ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። መልስ አልመጣም። የመትከያው ጉድጓድ የሚቆፈረው ግን ከሰኔ በፊት ነው።